አክሲዮን ከመግዛትዎ በፊት «አካባቢን እንጠብቃለን» የሚለውን የኩባንያ ቃል እንዴት ይመረምራሉ?

ሐዋሳ ላይ ሆነው ቁጠባዎን አክሲዮን ላይ ለማዋል ካሰቡና ሻጩ የአካባቢ ጥበቃን ካስቀደመ፣ በመጀመሪያ ብሮሹሩን አስቀምጠው ፕሮስፔክተሱን፣ ማለትም ደንበኛ ሳቢ መግለጫውን ይጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት ለሕዝብ የሚሸጥ አክሲዮን ይህ ሰነድ በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ሊመዘገብለት ይገባል። በማስታወቂያው ጎልቶ የተነገረው ቃል በሰነዱ ውስጥ ከሌለ፣ ኩባንያው ተጠያቂ በሚሆንበት ወረቀት ላይ ለምን እንዳላሰፈረው ማብራሪያ ይጠይቁ።

ቀጥሎ ቃሉን በቁጥር ይፈትኑት። «ብክለት ቀንሰናል» ለሚል ኩባንያ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ፣ ከስንት ወደ ስንት፣ ማንስ አረጋገጠው ይበሉት። በአንድ ሸሚዝ የሚወጣው ብክለት ቀንሶ የሸሚዙ ብዛት ግን በእጥፍ ካደገ፣ ጠቅላላው ብክለት ሊጨምር ይችላልና ሁለቱንም ቁጥር ይጠይቁ። «በታዳሽ ኃይል እንሠራለን» የሚለው አባባል ደግሞ ብቻውን ብዙ አያስረዳም፤ በአገራችን ከዋናው መስመር የሚገኘው መብራት በአብዛኛው ከውኃ ኃይል የሚመነጭ ስለሆነ ማንኛውም ደንበኛ ይህንኑ ማለት ይችላል። ይልቅስ ጄኔሬተሩና የጭነት መኪኖቹ በዓመት ስንት ሊትር ናፍጣ እንደሚፈጁ፣ የእንፋሎት ማሞቂያውም በምን እንደሚነድ ይወቁ። ችግኝን በተመለከተ የተተከለውን ሳይሆን የጸደቀውን ቁጥር ይያዙ።

ለከተማችን ከሁሉም የሚከብደው የፍሳሽ ጉዳይ ነው። ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ ባለመኖሩ የገባበት ኬሚካል ታጥቦ የሚሄድበት መንገድ የለውም። በ2008 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራው ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ታስቦ ነው፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ማጣሪያ ሁሉ ጨውና ዝቃጭ ስለሚያስቀር፣ «ፍሳሽ አንለቅም» የሚል ማንኛውንም ፋብሪካ ዝቃጩ በምን ያህል መጠን ወጥቶ የት እንደሚጣል መዝገቡን እንዲያሳይ ይጠይቁት።

ገንዘብዎን ተቀብሎ በየኩባንያው የሚያፈስ ድርጅት ከሆነ፣ ኩባንያዎቹን በምን ሥርዓት እንደሚመርጥ ያጣሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ፣ የጀርመኑ ዶይቼ ባንክ አካል በሆነው ዲደብልዩኤስ በተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ላይ የ19 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት የጣለው፣ በኢንቨስትመንት ውሳኔዎቹ ውስጥ የአካባቢና የማኅበራዊ መመዘኛዎችን እንደሚጠቀም ለደንበኞቹ የተናገረውን ያህል በተግባር ባለመፈጸሙ ነበር።

ጥያቄዎችዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ መልሱም በጽሑፍና በማኅተም እስኪደርስዎ ድረስ ክፍያውን ያቆዩ።