እሳት አልቀጣጠል ሲል፦ በሰሜን ሸዋ ክረምት

ነሐሴ ላይ ከጣርማ በር ወደ መንዝ የታጠፈ ሰው ያውቀዋል፤ ዝናቡ ቢያባራም ጉሙ ራሱ ያበሰብሳል። ማኅበረሰቡ የሚጠብቀው የመንዝ ጥብቅ ስፍራ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል። እዚያ እሳት አልነድ ሲል ሰው ሁሉ የሚወቅሰው የያዘውን ማቀጣጠያ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእንጨቱ ዝግጅት ነው።

ማቀጣጠያው ይነዳል፣ እንጨቱ ግን ይጨሳል እንጂ አይያዝም

እንጨት ውስጡ ያለው ውሃ ተንኖ ሳያልቅ አይነድም። ለማቀጣጠያ የሚያዘው በቫዝሊን የተለወሰ ጥጥ የሚነደው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ያን ሁሉ ሙቀት በክንድ ውፍረት እርጥብ እንጨት ላይ ካዋላችሁት ውሃ ሲያፈላ ያልቃል።

ስለዚህ ክብሪት ከመጫራችሁ በፊት ፍለጡ። ከላይ በስብሶ የጠቆረ የጽድ ግንድ ሲፈለጥ ልቡ ቀይ፣ ደረቅና ሽታው የሚያውድ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ልብ ላይ በቢላ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ስንጥር አውጡ፤ ሁለት እፍኝ ሙሉ፣ ከዚያ የጣት ውፍረት ያለው አንድ እቅፍ። ስንጥሩን ጉንጫችሁ ላይ አስነኩት፤ ቅዝቃዜ ከተሰማችሁ ገና እርጥብ ነው። ቀጭ ብሎ ካልተሰበረም ተዉት። ጓሳ ውስጥ ማኅበረሰቡ ከፈቀደው ውጭ መቁረጥ ክልክል ስለሆነ ፍልጡን ከከተማ ገዝታችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ውጡ።

ቫዝሊን የጠጣው ጥጥ ራሱ አልለኮስ ይላል

ቫዝሊኑ በዝቶበታል፣ ወይም ጥጡ ተጠቅጥቆ ቀርቷል። እሳቱን የሚቀበለው ደረቁ ክር ነው። እንደ ባዘቶ አፍታቱት፤ ጫፉ ላይ ቫዝሊን ያልነካው ጭራ ይውጣ፣ ክብሪቱንም እዚያ ላይ አስጠጉ።

ክብሪቱ ይፋቃል፣ ላይተሩም ብልጭ ብሎ ይቀራል

የክብሪቱ መጫሪያ ጎን ርሷል፤ የላይተሩም ጋዝ በብርድ ኃይሉ ወርዷል። ላይተሩን ብብታችሁ ሥር አሙቁት። ክብሪቱን ከነመጫሪያው ክዳን ባለው ደረቅ ጠርሙስ ያዙ። እኔ ሁልጊዜ አንድ ጧፍ አልለይም፤ በአንድ ክብሪት ከተለኮሰ በኋላ እሳቱን ይዞ ስለሚቆይ አራት አምስት ቦታ ለማቀጣጠል ጊዜ ይሰጣል። ከተገዙት ማቀጣጠያዎች ሁሉ እሱን እመርጣለሁ።

ነድዶ ነድዶ ከሥር ይጠፋል

መሬቱ ነው። የራሰ አፈር ሙቀቱን ይመጥጠዋል፣ እንፋሎቱም ወደ ላይ ይመጣል። የእጅ አንጓ የሚያህሉ እንጨቶች አጠገብ ለአጠገብ ደርድሩና በላያቸው አንድዱ። ለጉልቻ ከወንዝ የወጣ ድንጋይ አትጠቀሙ፤ ውስጡ ውሃ ካለ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል።

እፍ ሲሉት ይጠፋል

ቸኩላችኋል። ፍም እስኪታይ ጠብቁ፣ ከዚያ ዝቅ ብላችሁ ከሥሩ በዝግታ እፍ በሉ።

ከያዘ በኋላ ይደክማል

ቀጣዩን እንጨት እሳቱ ዳር አቁሙት፣ እየደረቀ ተራውን ይጠብቅ። ኩበት ካገኛችሁ ፍሙ ላይ ጣል አድርጉ፤ ለማቀጣጠል ዘገምተኛ ነው፣ እሳት ለማቆየት ግን ወደር የለውም።

ቤንዚን አታርከፍክፉ፤ እሳቱ ወደ እጃችሁ ይዘልላል። ብርዱ ቢጠናም ፍም ወደ ድንኳን አታስገቡ፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛ ሰው አያውቀውም። ስትለቁ አመዱን በውሃ አርሱትና በእጃችሁ ዳስሱት፤ ሙቀት ካለው እንደገና ውሃ ጨምሩ።