የስፒትፋየር ሞዴል ክንፍ ሳይጣመም እንዴት ይገጠማል
የስፒትፋየርን (የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን) ኪት፣ ማለትም ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ክፍሎቹን የያዘውን ሳጥን፣ እንደከፈታችሁ ሙጫው ላይ እንዳትሮጡ። ፋብሪካ ሲወጣ ፕላስቲኩ ላይ የሚቀር ቅባት ስላለ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፣ ከዛ ክፍሎቹን ተያይዘው ከመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም በእጅ ጠምዝዞ መንቀል የለም፣ በፒንሳ ትንሽ ራቅ አርጋችሁ ቁረጡና ትርፉን በምላጭና በብርጭቆ ወረቀት ጨርሱት።

ዋናው ስራ ያለ ሙጫ መሞከር ነው፣ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። ሁለቱ የአካል ግማሾች አልዘጋ ካሉ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ውስጥ ያለው ኮክፒት (የአብራሪው መቀመጫ ክፍል) ነው፣ ሰፍቶ ይገፋቸዋል፣ ጎንና ጎኑን ፋቅ እያረጋችሁ እስኪገጥም ደጋግማችሁ ሞክሩ እንጂ በጉልበት አትጫኑት።

ክንፉ ላይ ስትደርሱ ደግሞ የእውነተኛው ስፒትፋየር ክንፍ ጠፍጣፋ አይደለም፣ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ወደ ላይ ቀና ይላል፣ ስለዚህ ከአንዱ ክንፍ ጫፍ በአካሉ ጀርባ በኩል አርጋችሁ እስከ ሌላኛው ጫፍ ማስኪንግ ቴፕ (በቀላሉ የሚላቀቅ የወረቀት ቴፕ) ወጠር አርጉ፣ ክንፉም ቀና ይላል ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ክፍተትም ይጠባል። ከፊት ለፊት አይታችሁ ሁለቱም እኩል ከሆኑ ቀጭኑን (እንደ ውሃ የሚፈሰውን) የፕላስቲክ ሙጫ በብሩሽ ጫፍ መስመሩን ነካ ብቻ አርጉት፣ ራሱ ስቦ ይገባል፣ ፕላስቲኩን አቅልጦ ስለሚያጣብቅ መብዛቱ ጥሩ አይደለም። እስከ ነገ አትንኩት! ፑቲ (ክፍተት መሙያው) የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ክፍተት ከቀረ ብቻ ነው።

የኮክፒቱን መስታወት በሱፐር ግሉ እንዳትሞክሩት፣ እንፋሎቱ ጉም ያለብሰዋል፣ የእንጨት ነጭ ኮላ ይበቃል።