ባለ ሁለት ፎቅ ዌክስኬት እንዴት ይለመዳል?

ዌክስኬት ውሃ ላይ የሚነዳ ስኬትቦርድ ነው። ጎማ የለውም፤ እግርም አይታሰርበትም። እኔ የምነዳው ጀርመን ነው። እዚህ ጀልባ አያስፈልግም፣ ምሰሶዎች ላይ የተወጠረ ኬብል ይጎትታችኋል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የፈለሰፈውም የዚሁ አገር ሰው ብሩኖ ሪክሰን ነው።

ሦስት በጋ ባለ አንድ ሳንቃ ነዳሁ። ከዚያ ወደ ባለ ሁለት ፎቅ ተሻገርኩ። የታችኛው ሳንቃ ውሃውን ይነካል። ከሱ በላይ፣ ጣት በሚያስገባ ክፍተት፣ ስኬትቦርድ የሚመስል አጠር ያለ ሳንቃ በብሎን ታስሯል።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ አድርጋችሁ ቁሙበት። ብሎኖቹን አጥብቁ። እግር እንዳያንሸራትት ሳንቃው ላይ የተለጠፈው ሻካራ ግሪፕ ቴፕ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቆዳ ይልጣልና ስስ ሶል ያለው ጫማና ጉልበት የሚሸፍን ቁምጣ ልበሱ። ላይፍ ጃኬትና ሄልሜት ያው የታወቀ ነው።

ከተቻለ ባለ ሁለት ምሰሶ ኬብል ፈልጉ። እዚያ ኦፕሬተሩ ፍጥነቱን ለእናንተ ብሎ ይቀንሳል። ብዙ ምሰሶ ያለው ትልቁ ኬብል ግን ብዙ ሰው ባንዴ ስለሚጎትት ፍጥነቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ዋናው ፈተና መታጠፉ ላይ ነው። እግራችሁ ከውሃው ከፍ ስላለ ያው የድሮው ግፊት ቦርዱን አብዝቶ ያጋድለዋል። ረጅም መፍቻ ብሎንን በትንሽ ጉልበት እንደሚያዞረው ማለት ነው። እኔ ይህን ሳላስብ በመጀመሪያው ቀን ተረከዜን እንደለመድኩት ጫን አደረግኩ። ጠርዙ ውሃውን ነከሰ፣ ቦርዱ ከሥሬ ሾለከ። ይባስ ብሎ ላድነው ብዬ አንድ እግሬን ሳንቃው ላይ አስቀረሁ። ቁርጭምጭሚቴ ተጠመዘዘ፤ ሁለት ሳምንት አነከስኩ። አደራ፣ ቦርዱ ካመለጣችሁ አትከተሉት! የያዛችሁትን የገመድ እጀታ ልቀቁና ከቦርዱ ራቅ ብላችሁ ውደቁ።

ታዲያ እንዴት ይታጠፋል? ጉልበታችሁን አጠፍ፣ እጀታውን ወደ ዳሌያችሁ ዝቅ አድርጉ። ዓይናችሁ መሄድ የምትፈልጉበት ቦታ ላይ ይሁን፣ እግራችሁን አትዩ። ከዚያ ተረከዛችሁን ባንዴ ሳይሆን እስከ ሦስት እየቆጠራችሁ ቀስ በቀስ ጫኑ። ጠርዙ ውሃውን ሲይዝ እግራችሁ ሥር ለስላሳ መሳብ ይሰማችኋል። እዚያ ላይ አቁሙ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ይህን ብቻ ደጋግሙ። ወደ ጣት በኩል መታጠፉም እንዲሁ ነው፣ ግን እሱን በሁለተኛው ቀን ብታደርጉት ይሻላል።

ብዙዎች ቶሎ ለመርጋት ከሥር ትልልቅ ፊን (የዓሣ ክንፍ የሚመስል ቁራጭ) ይገጥማሉ። እኔ አልመክርም። ቀጥ አድርጎ ይወስዳችኋል እንጂ እግራችሁ ሚዛኑን አይማርም። በዚያ ሰሞን የድሮውን ቦርድም አትንኩ። እኔ እያፈራረቅኩ ስነዳ የሁለቱም ስሜት ተምታቶብኝ ነበር።

ዝላይ ይቆያችሁ። ሳትወድቁ ወዲያና ወዲህ አሥር ጊዜ ከታጠፋችሁ በኋላ ሞክሩት። ከውሃ ስትወጡ ደግሞ ብሎኖቹን እንደገና በጣታችሁ ፈትሹ፤ የእኔ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱ ላልተው ነበር።