የጠፋው ሜኑ የት ገባ? ለድሮ ኮምፒውተር ባለቤቶች

ትናንት የነበረው ዛሬ የለም። ስታርትን ትጫናላችሁ፣ «ራን» የሚለው (የፕሮግራም ስም ጽፎ መክፈቻው ሳጥን) የለም። ፎልደር ትከፍታላችሁ፣ ከላይ «ፋይል»፣ «ኤዲት»፣ «ቪው» እያለ የሚደረደረው ነገር በሙሉ የለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «በቃ ቫይረስ ገባበት» ብሎ ይደመድምና ፎርማት ሊያስደርግ ይሮጣል።

እኔም ሮጬ አውቃለሁ። አክስቴ ከዊንዶውስ ኤክስፒ ወደ ዊንዶውስ 7 ከተዛወረች ሳምንት ሳይሞላት «የፎልደሩ ሜኑ ጠፋብኝ» ብላ ጠራችኝ። ፎቶዎቿን አንድ በአንድ ገለበጥኩ፣ ግማሽ ቀን ፈጅቼ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫንኩ፣ ሲያልቅ ላብ በላብ ሆኜ ፎልደር ብከፍት ሜኑው አሁንም የለም። ለካ ዊንዶውስ 7 ሲፈጥረው ጀምሮ ያንን ሜኑ ደብቆ ነው የሚመጣው። «አልት» የምትለዋን ቁልፍ አንዴ ብነካት ኖሮ ብቅ ይል ነበር። ሁልጊዜ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ደግሞ «ኦርጋናይዝ»፣ ከዚያ «ሌይአውት»፣ ከዚያ «ሜኑ ባር» ላይ ምልክት ማድረግ ነው። አክስቴ እስከዛሬ ይህን አታውቅም፣ እኔም አልነግራትም።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማጣራው ነገሩ ምን ሆኖ እንዳልታየኝ ነው። ተደብቆ ይሆናል። ተከልክሎ ይሆናል። ካለበት ተነስቶ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ይሆናል። ወይ ደግሞ እውነትም ተበላሽቷል፣ ይሄኛው ግን ከሁሉም ያነሰ ነው የሚያጋጥመው። ከዚህ በታች የምጽፈው ለኤክስፒና ለዊንዶውስ 7 ነው።

«ራን» ከጠፋባችሁ መለያው ቀላል ነው። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ «አር»ን ተጫኑ። ትንሿ ሳጥን ከተከፈተች ነገሩ ከሜኑው ላይ ተነሳ እንጂ አልተከለከለም። «በዚህ ኮምፒውተር ላይ ባለ ገደብ ምክንያት ተሰርዟል» የሚል ይዘት ያለው የእንግሊዝኛ መልእክት ከመጣ ግን ተከልክሏል ማለት ነው፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው።

ከተደበቀው እንጀምር። ዊንዶውስ 7 ላይ የስታርት ምልክቱን በቀኝ ክሊክ ተጭናችሁ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ከስተማይዝ» ግቡ። ረጅም ዝርዝር ይመጣል። «ራን ኮማንድ»፣ «ኮንትሮል ፓነል»፣ «ዲቫይስስ ኤንድ ፕሪንተርስ»፣ ሁሉም እዚያ ናቸው፣ የፈለጋችሁት ላይ ምልክት አድርጉና ኦኬ በሉ። የቱ እንደጎደለ ካልገባችሁ ከታች «ዩዝ ዲፎልት ሴቲንግስ» የሚል ቁልፍ አለ፣ ሁሉንም ወደ መጀመሪያው ይመልሳል። «ራን» ግን መጀመሪያም አልነበረችምና እሷን ለብቻ መምረጥ አለባችሁ። ኤክስፒ ላይም መንገዱ ያው ነው፣ ከ«ከስተማይዝ» በኋላ «አድቫንስድ» የሚለውን ገጽ መክፈት ብቻ ይጨመራል። የጥንቱን ክላሲክ ሜኑ የምትጠቀሙ ከሆነ እዚያው ዝርዝር ውስጥ «ዩዝ ፐርሰናላይዝድ ሜኑስ» የሚለውን ምልክት አንሱት። ይቺ ናት ብዙ ያልከፈታችሁትን ፕሮግራም «አይፈለግም» ብላ የምትሸሽገው።

ያው አመል በድሮው ኦፊስም አለ። ከ2000 እስከ 2003 ባሉት ዎርድና ኤክሴል ላይ ሜኑ ስትከፍቱ አጭር ሆኖ ይመጣል፣ ከታች ወደ ታች የሚያመለክት ድርብ ቀስት አለ። ቀስቱን ስትጫኑ የቀረው ይወጣል። ለዘለቄታው «ቱልስ»፣ «ከስተማይዝ»፣ «ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ «ኦልዌይስ ሾው ፉል ሜኑስ» ላይ ምልክት አድርጉ (በ2000ው ላይ ግን «ሜኑስ ሾው ሪሰንትሊ ዩዝድ ኮማንድስ ፈርስት» የሚለውን ምልክት አንሱ)። ይህን ነገር ያሰበው ሰው የማይነካ ዕቃ ሁሉ አያስፈልግም የሚል እምነት ሳይኖረው አይቀርም። ከ2007 ጀምሮ ሜኑው በሪባን (ከላይ በተደረደረ የቁልፎች ሰሌዳ) ተተካ፣ ሪባኑም ሲሰወር ኮንትሮልና ኤፍ 1 አብሮ መጫን ይመልሰዋል።

የማይታመኑ የሚመስሉ ትንንሽ ነገሮችም አሉ። ዊንዶውስ 7 ላይ ከ15 በላይ ፋይል በአንዴ መርጣችሁ ቀኝ ክሊክ ካደረጋችሁ «ኦፕን» እና «ፕሪንት» ይጠፋሉ። ብልሽት አይደለም፣ 40 ፋይል በስህተት በአንዴ እንዳትከፍቱ ነው። ቁጥሩን ቀንሱ፣ ይመለሳሉ። «ኮፒ አዝ ፓዝ» የሚለው ደግሞ ሺፍት ይዛችሁ ቀኝ ክሊክ ካላደረጋችሁ አይታይም። ኤክስፒ ሲዘጋ በሚመጡት ሦስት ባለ ቀለም ቁልፎች ላይ «ሃይበርኔት» ካጣችሁ ሺፍትን ተጭናችሁ ያዙ፣ «ስታንድ ባይ» የነበረው ስሙን ይቀይራል። (ሃይበርኔት በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ካልተፈቀደ ግን ሺፍት አይሠራም።)

አሁን ወደ ከባዱ። ኤክስፒ ላይ «ቱልስ» ውስጥ «ፎልደር ኦፕሽንስ» ከሌለ፣ ታስክ ማኔጀር (በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚያሳየው) ሊከፈት ሲል «በአድሚኒስትሬተራችሁ ተዘግቷል» የሚል ከመጣ፣ ሰው ወይ ፕሮግራም ከልክሎታል። ቤታችሁ ውስጥ አድሚኒስትሬተሩ እናንተ ናችሁ፣ እናንተ ደግሞ አልዘጋችሁትም። ኮምፒውተሩ ከመሥሪያ ቤት የወጣ ከሆነ የቀድሞው ደንብ አብሮት መጥቶ ይሆናል። አለበለዚያ በፍላሽ የሚዛመት ቫይረስን ጠርጥሩ፣ ራሱን የደበቀበትን ፋይል እንዳታዩበት ቀድሞ የሚያጠፋው «ፎልደር ኦፕሽንስ»ን ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። መጀመሪያ ቫይረሱን አጽዱ፣ ከዚያ ክልከላውን አንሱ። ተገላቢጦሽ ከሠራችሁ ክልከላውን ስታነሱት ቫይረሱ ይመልሰዋል፣ ስታነሱት ይመልሰዋል፣ ማምሻችሁ ነው። ኤክስፒ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014፣ ዊንዶውስ 7 ደግሞ ጥር 14 ቀን 2020 ከማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ ወጥተዋል፣ ብዙ አዳዲስ አንቲቫይረሶችም አይጫኑባቸውም። የሚያዋጣው ከሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ የማጽጃ ሲዲ ወይም ፍላሽ አዘጋጅቶ፣ የታመመውን ማሽን ዊንዶውሱን ሳያስነሱ በዚያ አስነስቶ መፈተሽ ነው።

ክልከላውን ለማንሳት ሬጅስትሪ (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበት መዝገብ) ውስጥ ግቡ። በራን ሳጥኑ «ሬጅኤዲት» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል (regedit) ጻፉ። ራን ራሱ ከተከለከለ ኮንትሮል ፓነሉን ትታችሁ በቀጥታ የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ግቡ፣ ፕሮግራሙ እዚያ ተቀምጧል። ምንም ሳትነኩ «ፋይል» ከዚያ «ኤክስፖርት» ብላችሁ ቅጂ አስቀምጡ፣ ይህን የዘለለ ሰው በኋላ አያለቅስብኝ። ከዚያ ወደ «ከረንት ዩዘር» ግቡና በየተራ «ሶፍትዌር»፣ «ማይክሮሶፍት»፣ «ዊንዶውስ»፣ «ከረንት ቨርዥን»፣ «ፖሊሲስ»፣ «ኤክስፕሎረር» እያላችሁ ውረዱ። በስተቀኝ በኩል «ኖ» ብለው የሚጀምሩ ስሞች ይኖራሉ። «ኖ ራን» ራንን፣ «ኖ ፋይንድ» መፈለጊያውን፣ «ኖ ፎልደር ኦፕሽንስ» ስሙ እንደሚለው፣ «ኖ ክሎዝ» ደግሞ ኮምፒውተር መዝጊያውን ይደብቃሉ። ቁጥሩ 1 ከሆነ ክልከላው በሥራ ላይ ነው፣ 0 አድርጉት። የታስክ ማኔጀሩ ክልከላ ከ«ኤክስፕሎረር» ጎን ባለው «ሲስተም» ውስጥ ነው። እዚህ ካላገኛችሁ ያንኑ መንገድ በ«ሎካል ማሽን» ሥር ተከተሉ። ሲያልቅ ዘግታችሁ አስነሱት። የማታውቁትን ስም አትንኩ፣ የማወቅ ጉጉት በዚህ ሰፈር ውድ ነው።

«ኦል ፕሮግራምስ» ከፍታችሁ ፎልደሮቹ ሁሉ «ኤምፕቲ» ካሉስ? እ.ኤ.አ. በ2011 አካባቢ የሃርድ ዲስክ ጠጋኝ መስለው የሚገቡ የማጭበርበሪያ ፕሮግራሞች ነበሩ። ፋይሎቻችሁን ይደብቁና አቋራጮቹን (ፕሮግራም የምትከፍቱባቸውን ምልክቶች) ሰብስበው ቴምፕ በሚባለው ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ይከቷቸዋል፣ ከዚያ «ዲስካችሁ ሊሞት ነው፣ ክፈሉ» ይላሉ። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ተጥሎ የከረመ ማሽን ካነሳችሁ ይህን ልታገኙ ትችላላችሁ። ዲስክ ክሊንአፕ ወይም ሌላ ማጽጃ እንዳታስኬዱ! ጊዜያዊ ፎልደሩ ሲጸዳ አቋራጮቹም አብረው ይጠፋሉ። መጀመሪያ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ፣ ከዚያ ቴምፕ ውስጥ «ኤስ ኤም ቲ ኤም ፒ» (smtmp) የሚል ፎልደር ፈልጉ። ውስጡ በቁጥር የተሰየሙ ፎልደሮች አሉ። 1 የስታርት ሜኑው ነው፣ 4 የዴስክቶፑ ነው። በ1 ውስጥ ያለውን ቀድታችሁ ወደ ስታርት ሜኑው ፎልደር መልሱት። ዊንዶውስ 7 ላይ ይህ ፎልደር ያለው «ፕሮግራም ዳታ» ውስጥ ነው፣ ኤክስፒ ላይ ደግሞ በ«ዶክዩመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ» ሥር «ኦል ዩዘርስ» ውስጥ።

የጠፋው የአንድ ፕሮግራም አቋራጭ ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ገብታችሁ ራሱን ፕሮግራሙን አግኙ፣ ቀኝ ክሊክ፣ «ፒን ቱ ስታርት ሜኑ»። አለቀ።

እስካሁን ምንም ካልሠራ አዲስ አካውንት በአድሚን ደረጃ ክፈቱና በእሱ ግቡ። የጠፋው ነገር እዚያ ካለ ችግሩ የእናንተ አካውንት ላይ ነው፣ ሰነዶቻችሁን ወደ አዲሱ አዛውሮ መቀጠል ይቻላል። እዚያም ከሌለ ሲስተም ሪስቶርን (ዊንዶውሱን ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልሰውን) ክፈቱና ሜኑው ሙሉ የነበረበትን ቀን ምረጡ። ሰነድና ፎቶ አይነካም፣ ከዚያ ቀን በኋላ የጫናችኋቸው ፕሮግራሞች ግን ሊነሱ ይችላሉ። ዊንዶውስ 7 የትኞቹ እንደሚነሱ አስቀድሞ ያሳያችኋል፣ ኤክስፒ ግን አያሳይም፣ ስለዚህ የጫናችሁትን ወረቀት ላይ ጻፉና ጀምሩ።