ጎማ በአንድ ወገን ሲበላ፦ የአላይመንት ችግርን መለየትና ማስተካከል

አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫና ዝንባሌ በልኩ ማስተካከል፣ የጥገናው መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም። ይህን የተማርሁት በገንዘቤ ነው። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ ስንጓዝ አንድ ጉድጓድ ውስጥ በፍጥነት ከገባሁ በኋላ፣ የቤተሰቡ መኪና መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዤ ካልያዝሁት ቀጥ ብሎ አልሄድ አለ። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ አላይመንት አሠራሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ችግሩ ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ። በመጨረሻ መኪናው በክሪክ ሲነሣ፣ የቀኙ የመሪ ቴስቲና፣ ማለትም የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያያይዘው መገጣጠሚያ፣ እንደ ወተት ጥርስ ሲነቃነቅ ተገኘ። የአላይመንቱ ማሽን በትክክል ለክቶ ነበር፤ የለካው ግን በቦታው የማይጸና ጎማ ነበር።

ስለዚህ ምርመራው ከንፋስ ይጀምር። ጎማዎቹ ቀዝቅዘው ሳሉ፣ ማለትም ጠዋት ከመንቀሳቀስ በፊት፣ በሾፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈው መጠን ይሞሉ። በደብረ ብርሃን ብርድ ተሞልቶ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርድ ሰው ሙቀቱ ንፋሱን እንዳያበዛው ይሰጋ ይሆናል፤ ሆኖም ከ1,500 ሜትር በላይ በሚሆነው ቁልቁለት የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር፣ በመለኪያው ላይ የሚታየው ለውጥ በአብዛኛው ይቻቻላል። ንፋስ ማስተንፈስ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ጎማውን በእጅ መዳሰስ ነው፤ ከዓይን ይልቅ መዳፍ ይበልጥ ይናገራል። መዳፍን በጎማው ጥርስ ላይ መጀመሪያ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ ማሻሸት ነው። ወደ ውስጥ ሲሄድ ለስልሶ ወደ ውጭ ሲመለስ እንደ መጋዝ የሚይዝ ከሆነ፣ የፊት ጎማዎቹ አፍንጫቸውን ከልክ በላይ ወደ ውስጥ አዙረዋል፤ መካኒኮች ቶ-ኢን የሚሉት ይህ ነው። ተቃራኒው ከሆነ ቶ-አውት ነው። ጎማው ሳይሻክር አንዱ ጠርዝ ብቻ ተላጭቶ ካለቀ ካምበር፣ ማለትም የጎማው ወደ ጎን ማዘንበል፣ ይጠረጠራል። ሁለቱም ጠርዞች ካለቁ ንፋስ አንሶታል፣ መሐሉ ካለቀ በዝቶበታል፤ በዚህ ላይ የአላይመንት ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው።

ከዚያ ትራፊክ በሌለበት ቀጥ ያለ ሜዳ ላይ መንዳት ይገባል። በሀገራችን በቀኝ ስለምንነዳና መንገዱ ውሃ እንዲያፈስ ወደ ዳር ስለሚያዘነብል፣ ጥቂት ወደ ቀኝ መሳብ ጤናማ ነው። መኪናው ጠንክሮ የሚስብ ከሆነ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ግራ ቀኝ ማቀያየር ነው፤ የመሽከርከሪያ አቅጣጫ ምልክት ያላቸው ጎማዎች ግን እንዲህ አይቀያየሩም። መሳቡ አቅጣጫውን ከለወጠ ጥፋቱ የጎማው ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚስብ መኪና የፍሬን ችግር አለበት፤ በፍጥነት ላይ መሪው የሚርገበገብ ከሆነ ደግሞ ባላንስ (የጎማውን ክብደት ዙሪያውን ማመጣጠን) እንጂ አላይመንት አይፈልግም።

አሁን መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ፣ የኋላ ጎማዎቹ ታኮ ተደርጎላቸው፣ በክሪክ ይነሣ፤ ክሪኩን ብቻ አምኖ ግን ከሥር መግባት አይገባም። ጎማውን ግራና ቀኙን ይዞ ሲገፉትና ሲስቡት ከተንቀጫቀጨ ቴስቲናውን ወይም የመሪውን ዘንግ፣ ላይና ታቹን ይዞ ሲነቀንቁት ከተንቀጫቀጨ ደግሞ ኩሽኔታውን ወይም ቦልጆይንቱን (ጎማው የሚታጠፍበትን ክብ መገጣጠሚያ) መመርመር ነው። የተሰነጠቀ ቡሽ (በብረቶቹ መገጣጠሚያ ላይ ያለ ላስቲክ) እና የተጣመመ ቸርኬም በዚሁ ጊዜ ይታያል። የላላው ሁሉ ሳይቀየር ወደ ማሽኑ መሄድ የለበትም።

በሥራው ላይ ቅደም ተከተል አለ፦ መጀመሪያ የኋላው፣ ቀጥሎ የፊቱ ካስተር (ጎማው ግራ ቀኝ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማዘንበል) እና ካምበር፣ በመጨረሻ ቶ (የጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞር)። ካምበር ሲነካ ቶ ስለሚለወጥ ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥ ሥራውን ያበላሻል። በብዙ መኪኖች ሁሉም አይስተካከልም፤ ኋላው አንድ ወጥ አክስል የሆነ መኪና የሚዞር ብሎን የለውም፣ ካምበሩ ከልክ ከወጣ የተጣመመ ዕቃ መፈለግ ነው። ቶ የሚስተካከለው መሪው ቀጥ ብሎ ከታሰረ በኋላ፣ የዘንጎቹ መቆለፊያ ዳዶ ላልቶ ሁለቱም ወገን እኩል ሲዞር ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ ከተዞረ ጎማዎቹ ቢስተካከሉም መሪው ጠምሞ ይቀራል።

ማሽን በሌለበት ቀበሌ ቶን በሜትር መለካት ይቻላል። በሁለቱ የፊት ጎማዎች የፊት ገጽ ላይ፣ ሜትሩ ከሥር በሚያልፍበት ከፍታ በኖራ ምልክት አድርጎ በምልክቶቹ መካከል ያለውን ርቀት መለካት፤ ከዚያ መኪናውን ወደፊት ብቻ በመግፋት ምልክቶቹ ወደ ኋላ ዞረው በዚያው ከፍታ ሲደርሱ ዳግም መለካት ነው። የፊቱ ልኬት ካነሰ ቶ-ኢን ነው። የሚፈቀደው ልዩነት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ዘዴ ከተማ እስኪደረስ ጎማን ለማዳን እንጂ ማሽኑን ለመተካት አይበቃም።

ከማሽኑ ሲወጡ ከማስተካከያው በፊትና በኋላ የተለካውን የሚያሳይ ወረቀት መጠየቅ ይገባል፤ ቁጥሩ ያልተለወጠበት መኪና አልተነካም።