ዋይፋዩን ሊኑክስ አላውቀውም ሲል፦ የተስተካከለ ድራይቨር በእጅ መጫን

ደሴ ፒያሳ የገዛችሁትን የዋይፋይ ዩኤስቢ ኡቡንቱ ላይ ሰክታችሁ ምንም ካልመጣ፣ አብሽሩ። ዕቃው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) በየስሪቱ ውስጡን ይቀያይራል፤ አሮጌ ድራይቨር (ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ደግሞ በድሮው አሠራር ይጠብቀዋል። ፓች ማለት ይህን የሚያስታርቅ አጭር ፋይል ነው።

ለማውረጃ ኢንተርኔት ከስልካችሁ ውሰዱ። በኬብል አገናኙና ዩኤስቢ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት በኬብል ማጋሪያ) አብሩ።

አሁን ቺፑን ለዩ። ካርቶኑን አትመኑ፤ አንድ ማርካ ውስጥ የተለያየ ቺፕ ይገባል። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ኤልኤስዩኤስቢ (lsusb) ብላችሁ ጻፉ። በሁለት ነጥብ የተለየ ኮድ ይመጣል። ግራው ዜሮ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኤ (0bda) ከሆነ ሪልቴክ የሚባለው የቺፕ ኩባንያ ነው፤ ድራይቨር የምትፈልጉት በቀኙ ነው። ከመልፋታችሁ በፊት ግን ከርነላችሁን አዘምኑ። ለምሳሌ 8811ሲዩ የሚባለው የሪልቴክ ቺፕ ድራይቨር ከከርነል 6.2 ጀምሮ ከከርነሉ ጋር ይመጣል፤ ያኔ ፓች ምን ያደርጋል?

ያ ካልሠራ ቢውልድ ኢሴንሻልን (build-essential፣ ኮድ መገንቢያ መሣሪያዎች)፣ ዲኬኤምኤስንና (dkms) የከርነል ሄደርሶችን (ድራይቨር ለከርነሉ ሲገነባ የሚያስፈልጉ ፋይሎች) በአፕት (apt፣ የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ) ጫኑ። የሄደርሱ ስሪት ዩኔም ሰረዝ አር (uname -r) የሚለው ትእዛዝ ከሚያሳየው ጋር ልክ አንድ ይሁን። ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ነው።

የድራይቨሩን ሶርስ ኮድ አውርዳችሁ ፍቱት። ፓቹን እዚያው ፎልደር አስቀምጡና በፓች ትእዛዝ፣ በሰረዝ ፒ1፣ መጀመሪያ በድራይ ረን (patch -p1 --dry-run < የፓቹ ፋይል ስም) ሞክሩት። ምንም ሳይነካ ይገባ አይገባ እንደሆነ ይነግራችኋል። ፌይልድ ካለ ለሌላ ስሪት የተሠራ ነው፤ በግድ አታስገቡት። ካለፈ ያለ ድራይ ረን ድገሙትና ሜክ (make) በሉ፤ ኮዱን ከርነሉ ወደሚጭነው ፋይል፣ ማለትም ወደ ሞጁል ይቀይረዋል። መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ችግር የለም። ሜክ የሚጽፈው እዚያው ፎልደር ውስጥ ስለሆነ፣ ሜክ ክሊን (make clean) ብላችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ።

ብዙዎች ቀጥለው ሱዶ ሜክ ኢንስቶል (sudo make install) ይላሉ። ይሠራል፤ ከርነሉ ሲዘመን ግን ዋይፋዩ ይጠፋል። ፎልደሩ ውስጥ ዲኬኤምኤስ ዶት ኮንፍ (dkms.conf) የሚባል ፋይል ካለ፣ በዲኬኤምኤስ መጫኑ ይሻላል። አዲስ ከርነል በገባ ቁጥር ሞጁሉን ራሱ ይሠራዋል።

በመጨረሻ ሞጁሉን ለማስነሳት ሱዶ ሞድፕሮብን (sudo modprobe) ከሞጁሉ ስም ጋር ስጡ። ኪ ዋዝ ሪጀክትድ (Key was rejected) የሚል መልስ ከመጣ ጥፋቱ የፓቹ አይደለም፤ ሴኪዩር ቡት (የኮምፒውተሩ የማስነሻ ጥበቃ) ያልተፈረመ ሞጁል አላስገባም ብሎ ነው። ሞጁሉ ሲጫን የጠየቃችሁን ፓስወርድ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ ኤንሮል ኤምኦኬን (Enroll MOK፣ የፊርማ ቁልፉን መመዝገብ) መርጣችሁ አስገቡ። ገጹ ካልመጣ ሴኪዩር ቡትን ከባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሚከፈተው ማስተካከያ ገጽ) አጥፉት።