ዲግሪ ይዛችሁ መምህር መሆን ለምትፈልጉ የሰሜን ሸዋ ልጆች

"ዲግሪ አለኝ፣ ሥራ የለኝም፣ መምህር ልሁን እንዴ?" የሚለውን ጥያቄ ደብረ ብርሃን ላይ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። መልሱ አጭር ነው፤ ይቻላል። ግን ዲግሪው ብቻውን አይበቃም። በፊዚክስም በታሪክም ተመርቃችሁ ይሆናል፣ አፕላይድ ከሆናችሁ ማስተማርን አልተማራችሁም። ይህን ክፍተት የሚሞላው የድህረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ ነው። ሰው ሁሉ ፒጂዲቲ ይለዋል፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

አንድ ነገር ከሁሉም በፊት ልናገር። ብዙ ሰው መጀመሪያ ይመዘገባል፣ ይከፍላል፣ ከዚያ ነው የሚጠይቀው። ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ጠይቁ።

ዲግሪያችሁ የሚገባበት ክፍል አለ ወይ?

ፒጂዲቲ የሚያዘጋጀው ለሁለተኛ ደረጃ ነው። አሁን ባለው የ6-2-4 አደረጃጀት (ስድስት ዓመት የመጀመሪያ፣ ሁለት ዓመት የመካከለኛ፣ አራት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ) ይህ ማለት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ነው። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ አማርኛ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ ወይም ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ብዙ አይቸገርም፣ የትምህርቱ ስም ራሱ ክፍል ውስጥ አለ። ችግሩ ያለው ጎን ለጎን ባሉት ላይ ነው። ስታትስቲክስ የተማረ ሒሳብ ያስተምራል? ባዮቴክኖሎጂ የተማረችስ ባዮሎጂ ይሰጧታል? ይህን የሚመልሰው ጓደኛ ወይም የቴሌግራም ግሩፕ ሳይሆን የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ነው። ወረዳችሁ ወይም ዞኑ ትምህርት መምሪያ ሂዱና የሰው ኃይሉን ክፍል "በዚህ ዲግሪ ለየትኛው ትምህርት ትቀጥሩኛላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ካሉ በየትኛው መመሪያ እንደሆነም አስነግሩ። ሹሙ ሲቀየር ቃሉም አብሮ ይቀየራልና።

ነርሶችና ኢንጂነሮች ሌላ በር አላቸው፣ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ። እዚያ ለአሠልጣኝነት የሚፈለገው በዋናነት ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ነው፣ መንገዱ የተለየ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። የመጀመሪያና የመካከለኛ ደረጃ መምህራንም በዋናነት በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በኩል ነው የሚሠለጥኑት፤ ደብረ ብርሃንም የራሷ ኮሌጅ አላት።

ወረቀት

አሰልቺው ክፍል ይህ ነው፣ ግን ሰው የሚቀረው እዚሁ ላይ ነው። ዲግሪው ወይም ቴምፖው (ጊዜያዊ ማስረጃው)፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የ12ኛ ውጤት፣ የ10ኛን ፈተና የወሰዳችሁ ደግሞ የእሱም፣ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተመረቃችሁ የመውጫ ፈተናውን ማለፋችሁን የሚያሳይ ማስረጃም ያዙ። ከዚህ ሌላ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ያስፈልጋል። እሱን እናንተ በእጃችሁ አትወስዱትም፣ የተማራችሁበት ዩኒቨርሲቲ ነው በቀጥታ የሚልከው። ጅማ ወይም ጎንደር ተምራችሁ ደብረ ብርሃን የምትመዘገቡ ከሆነ ምዝገባው ሳይደርስ ቀደም ብላችሁ አስጀምሩት።

ወጪ መጋራት ያልከፈለ ሰው ኦሪጅናል ዲግሪውን አያገኝም፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደንቡ መምህርነትን ዕዳው በአገልግሎት ከሚከፈልባቸው ሙያዎች ውስጥ ማስገባቱን ነው። ስትቀጠሩ ይህንኑ ጠይቁ። የአገልግሎት ዘመናችሁን የሚገልጽ ደብዳቤም በየጊዜው ከጽሕፈት ቤቱ አውጡ፣ በኋላ ፋይል ጠፋ የሚባል ነገር አይጠፋም።

መደበኛ ወይስ ክረምት?

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ፒጂዲቲ ያስተምራል፣ ስለዚህ ለሰሜን ሸዋ ሰው አዲስ አበባ መውረድ ግድ አይደለም። መደበኛው አንድ ዓመት ይፈጃል። ክረምቱ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ እየተማሩ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ላይ መቆየት ነው፣ ስለዚህ በርከት ያሉ ክረምቶችን ይወስዳል። የክረምቱ በብዛት የሚሞላው እያስተማሩ ባሉ መምህራን ነው፣ መሥሪያ ቤታቸው ልኳቸው የሚመጡ አሉ፣ በግላቸው የሚከፍሉም አሉ።

ሥራ የሌላችሁ ከሆነ የእኔ ምርጫ መደበኛው ነው። የግል ትምህርት ቤት ያለ ፒጂዲቲ ቀጥሮ እያሠራችሁ ከሆነ ግን አትልቀቁት፣ ክረምቱን ያዙ። ክፍል ውስጥ ቆሞ የዋለ ሰው የሥነ ልቦናውን ኮርስ ሲማር በሌላ ጆሮ ነው የሚሰማው። እና ሐምሌ ደብረ ብርሃን ከቆላ ለምትመጡ፦ ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጋቢ ያዙ፣ የሸዋ ሮቢት ልብስ እዚህ አይሠራም።

ምን ትማራላችሁ?

ኮርሶቹ የመማር ሥነ ልቦና፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ ምዘና፣ አካቶ ትምህርት፣ ትምህርት ቤትና ማኅበረሰብ፣ ተግባራዊ ምርምር እያሉ ይሄዳሉ። አንዳንዱ እንቅልፍ ያመጣል፣ መካድ አይቻልም። የየትምህርቱ የማስተማር ዘዴ የሚባለውን ግን አትዝለሉት። የፊዚክስ ሰው ፊዚክስን እንዴት እንደሚያስተምር፣ የአማርኛዋ ሰዋስውን እንዴት እንደምታስረዳ የሚሠራበት እሱ ነው።

ፕራክቲከም

ሙሉው ፕሮግራም ለእኔ ይህ ነው። ትምህርት ቤት ትመደባላችሁ፣ መጀመሪያ ከኋላ ተቀምጣችሁ ታያላችሁ፣ ከዚያ መምህሩን ታግዛላችሁ፣ በመጨረሻ ራሳችሁ ቆማችሁ ታስተምራላችሁ፣ ከዩኒቨርሲቲም መጥተው ያዩአችኋል። ብዙ ተማሪ ይህን ፊርማ ማስሞያ ያደርገዋል። ሞኝነት ነው። መስከረም ላይ ብቻችሁን ስድሳ ልጅ ፊት ስትቆሙ የሚያድናችሁ ሌላ ነገር የለም።

ስትከታተሉ ስለ ትምህርቱ ይዘት አታስቡ፣ እሱን ታውቁታላችሁ። መምህሩን እዩት። ሲገባ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ጩኸት ሲነሳ ይጮኻል ወይስ ዝም ይላል? ሰሌዳውን ከየት ጀምሮ ይጽፋል? ከኋላ ያለው ልጅ እንዳልገባው በምን አወቀ? አንድ የድሮ መምህር ዝም ብሎ ወደ ኋላ ወንበሮች ሲራመድ ክፍሉ እንዴት ጸጥ እንደሚል ካያችሁ አንድ ምዕራፍ አነበባችሁ ማለት ነው። ከክፍል በኋላ በትሕትና ጠይቁ፦ "መምህር፣ ያን ልጅ ለምን ዝም አሉት?" በጥሩ ጊዜ ካገኛችኋቸው ሻይ እየጠጡ የማይነግሯችሁ ነገር የለም።

ስታስተምሩ ደግሞ ዋናው ፈተና ቋንቋ ነው። በክልላችን ልጆቹ እስከ 8ኛ በአማርኛ ሲማሩ ይቆዩና 9ኛ ላይ ባዮሎጂውም ሒሳቡም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ከመንዝ ገጠር ወይም ከመርሐቤቴ ቆላ የመጣ ልጅ ሐሳቡ ሳይሆን ቃሉ ነው የሚያቅተው። በእንግሊዝኛ ብቻ ብታወሩ ይገለብጣል እንጂ አይገባውም፣ በአማርኛ ብቻ ብታወሩ ደግሞ ፈተናው በእንግሊዝኛ ይመጣና ይወድቃል። የሚሠራው መንገድ ይህ ነው፦ ክፍለ ጊዜው ሲጀመር የዕለቱን አምስት ወይም ስድስት ቁልፍ ቃላት በሰሌዳው ጥግ ጻፉ፣ በአማርኛ አስረዱ፣ ከዚያ ትምህርቱን በቀላል እንግሊዝኛ ሂዱበት፣ መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ በፈለገው ቋንቋ መልሶ እንዲነግራችሁ አድርጉ። ጥግ ላይ ያሉትን ቃላት እስከ ደወሉ አታጥፉ። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ዕለታዊ ዕቅዳችሁንም በደቂቃ ከፋፍላችሁ ጻፉ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ አካባቢ ነው፣ ስም መጥራትና የቤት ሥራ ማየት አሥሩን ይበሉታል። ሃምሳ ደቂቃ የሚፈጅ ነገር አታቅዱ።

ቅጥር

ማስታወቂያው የሚለጠፈው ወረዳ ሰሌዳ ላይ ነው፣ የምዝገባው ቀን ደግሞ አጭር ነው። ዘመድ ወይም ጓደኛ ያላችሁበት ወረዳ ሁሉ ሰው አስቁሙ፣ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ደብረ ብርሃን ከተማ ላይ ብቻ የምትጠብቁ ከሆነ ብዙ ትጠብቃላችሁ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚፈልገው። መሐል ሜዳ፣ ራቤል፣ መራኛ፣ መተህብላ ያሉ ቦታዎችን ሰው ይሸሻል፣ ስለዚህ ዕድሉ እዚያ ይሰፋል።

እዚህ ላይ የማይታለፍ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፣ መምህራንም ተቸግረዋል። ስለዚህ ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት እዚያው ለሚያስተምር ሰው ደውሉ፦ ትምህርት ቤቱ እየሠራ ነው? መንገዱ ክፍት ነው? ደመወዝ እየገባ ነው? ቤት ኪራይ አለ? ማስታወቂያው ይህን አይነግራችሁም።

ስትቀጠሩ የመጀመሪያው ደመወዝ መዘግየቱ የተለመደ ነው። ሁለት ሦስት ወር የሚያቆይ ብር ይዛችሁ ግቡ፣ አለዚያ ሱቅ ዱቤ ውስጥ ትገባላችሁ።

ከዚያ በኋላ

ፒጂዲቲ የሙያ ፈቃድ አይደለም፣ ሁለቱ ይምታታሉ። ፈቃዱ የሚገኘው በሙያ ብቃት ምዘና ነው። ምዘናው የጽሑፍ ፈተና አለው፣ ማኅደረ ተግባርም ይታያል። ማኅደረ ተግባር ማለት የሠራችሁበት ማስረጃ ነው፦ የትምህርት ዕቅድ፣ ያወጣችሁት ፈተና፣ ደካማ ተማሪ የደገፋችሁበት መዝገብ፣ የሠራችሁት ተግባራዊ ምርምር። ይህን በመጨረሻው ሳምንት መሰብሰብ አይቻልም። ከመጀመሪያው ቀን አንድ ክላሰር ግዙና ቀን እየጻፋችሁ ክተቱ። የደረጃ ዕድገት ሲመጣም፣ ከጀማሪ ወደ መለስተኛ፣ ከዚያ ወደ መምህር ስትሉ፣ የምትቀርቡበት ይኸው ክላሰር ነው። ኮፒውን ቤት፣ ኦሪጅናሉን ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ወይም ቢያንስ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት።